ስምንት ሆነ

ከስቶክሆልም ማታ በባቡር ተሳፍሬ ሰሜን ስዊድን፣ አቢስኮ የወረድኩት በማግስቱ ነው። ሰኔ ሊያልቅ ቀናት ቀርተውታል። አገር ቤት ክረምቱ ገብቷል፤ እዚህ ፀሐይዋ ጭራሽ አትጠልቅም። ከአርክቲክ ክበብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ነን። እኩለ ሌሊት ላይ ደጅ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይቻላል፣ ቢንቢው ከፈቀደ።

ጠዋት ኑዎልያ የሚባለውን ተራራ መውጣት ጀመርኩ። የበርች ዛፎቹ እያጠሩ፣ እያጠሩ ሄደው አለቁ። ከዚያ በላይ ድንጋይና ነፋስ ነው። አበባውን ያየሁት እዚያ ነው። መሬት ላይ እንደ ምንጣፍ ተለጥፏል። ነጭ፣ መሀሉ ቢጫ፣ ስፋቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረዋል።

መጀመሪያ የእንጆሪ አበባ መሰለኝ። ስልኬን አወጣሁና ከላይ ፎቶ አነሳሁት። አበባ የሚለየው አፕ ቆፍጠን ብሎ «አኔሞን» የሚባል አበባ ነው አለኝ። አመንኩት።

ትንሽ ቆይቶ አንዲት አዛውንት ደረሱ። ስዊድኖች ሁሉንም ሰው «አንተ» ነው የሚሉት፤ እኔ ግን እኚህን ሴትዮ በልቤም ቢሆን አንቱ ከማለት አልተመለስኩም። አንገታቸው ላይ ትንሽ ማጉሊያ መነጽር አንጠልጥለዋል። አኔሞን ማለቴን ሲሰሙ ሳቁ።

«ተኛና ቁጠር» አሉኝ።

በሆዴ ተኛሁ። ነጫጮቹን የአበባውን ቅጠሎች አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ስምንት። ሌላውን ቆጠርኩ። ስምንት። «አሁን አረንጓዴውን ቅጠል ገልብጥ» አሉ። ሳልበጥስ፣ በጣቴ ጫፍ። ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ ከ1909 ጀምሮ፤ አበባ መቅጠፍ ክልክል ነው። ቅጠሉ ከጥፍሬ ብዙም አይበልጥም። ጠንካራ ነው፣ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ አለው። ከላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከስር ጥጥ የለበሰ ይመስል ነጭ። አኔሞን እንዲህ ያለ ቅጠል የለውም።

የሳይንስ ስሙ ድራያስ ኦክቶፔታላ ነው። ሁለተኛው ቃል በቀጥታ «ባለ ስምንት የአበባ ቅጠል» እንደ ማለት ነው። በ1732 ይህን የሰሜን አካባቢ፣ ላፕላንድን፣ የዞረው የስዊድኑ የእጽዋት ሊቅ ሊኒየስ ነው በ1753 ይህን ስም ያወጣለት። የስዊድንኛ ስሙ ግን ፍዬልሲፓ ነው። ፍዬል ተራራ ነው፤ ሲፓ ደግሞ አኔሞንን ለመሰሉ አበቦች የሚሰጥ ስም። እንግዲህ አፑን ምን ብዬ ልውቀሰው? የአገሬው ሰውም ያው ነገር መስሎት ነበር።

እውነተኛ ዘመዶቹ እነ ጽጌረዳ ናቸው። ይሄን ስሰማ ቀጋ ትዝ አለኝ። እኛ ሰፈር ጀርባ ቀጋ ስንለቅም እጃችን በእሾህ ተቦጫጭሮ እንገባ ነበር። የቀጋ አበባ አምስት ነው፣ ይሄኛው ስምንት። ኮሶም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ኮሶና ይህቺ ምንጣፍ ዘመዳሞች ናቸው ቢሉኝ በዓይን አይቼ በጭራሽ አላምንም።

ወደ አንድ አቅጣጫ መዞራቸውም ምክንያት አለው። ፀሐይዋን እየተከተሉ ይዞራሉ። ጎድጓዳ ስለሆኑ ሙቀቱን መሀላቸው ይሰበስቡታል። ዝንቦችም ሊሞቁ ይገባሉ። በዚያ ነፋስ እኔም ብችል እገባ ነበር።

የበረዶው ዘመን ሲያከትም፣ ከ12,900 እስከ 11,700 ዓመት በፊት ገደማ፣ ብርዱ ድንገት ተመልሶ ነበር። የዚህ ተክል ቅጠል በስካንዲኔቪያ የሐይቅ ጭቃ ውስጥ ስለተገኘ ሳይንቲስቶች ያንን ዘመን በስሙ ያንገር ድራያስ (የኋለኛው ድራያስ) ብለውታል። ጥፍር የምታክል ቅጠል!

ስወርድ አንድ ሌላ ነገር አየሁ። ዘንግ ላይ የቆመ፣ እንደ ሐር ክር ተጠማዞ የተጠቀለለ ጭራ። አዲስ ተክል አገኘሁ ብዬ ተደሰትኩ። ተኝቼ ቅጠሉን ገለበጥኩ። ከስር ነጭ። ያው ራሱ ነው፣ አበባው ረግፎ ዘር ይዞ።

ባቡር ላይ ፎቶዎቼን አየሁ። 43 ናቸው። ሁሉም ከላይ የተነሱ። የተገለበጠ ቅጠል ያለበት አንድም የለም።