አሸንፎ መውረድ

ግንቦት 20፣ 2015፣ እሁድ ሌሊት

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። ነገ ሥራ አለ፤ ግን ዛሬውኑ ካልጻፍኩት ይበርድብኛል።

ቡድኔ ሌስተር ሲቲ ከእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ወረደ።

ማታ የደወላችሁልኝ ይቅርታ። ስልክ ያላነሳሁት ከፍቶኝ ነው። ማውራት አልቻልኩም።

ሰፈራችን ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ሞልቶ ነበር። ትልቁ ስክሪን ላይ አርሴናልና ዎልቭስ ነው። ዋንጫው ለማንቸስተር ሲቲ መሆኑ ከታወቀ ሳምንት አልፎታል፤ ሕዝቡ ግን ቡድኑን ሊሸኝ መጥቷል። ይህን ነገራቸውን እወድላቸዋለሁ። ልጁን ለመንኩትና ጥግ ላይ ያለችውን ትንሿን ቴሌቪዥን ሌስተርና ዌስትሃም ላይ አደረገልኝ። ድምፅ የላትም። ወንበር ስቤ ፊቷ ተቀመጥኩ። ከጀርባዬ አርሴናል አምስት ጊዜ አገባ፤ አምስት ጊዜ ቤቱ ተነቃነቀ። እኔ አንድ ዓይኔ ቴሌቪዥኗ ላይ፣ አንድ ዓይኔ ስልኬ ላይ ነው። ስልኬ ላይ ኤቨርተን አለ።

እኛ 31 ነጥብ ይዘን ገባን፣ ኤቨርተን 33። እኛ ካሸነፍንና ኤቨርተን ካላሸነፈ እንተርፋለን፤ እሱ አቻ ቢወጣ በጎል ልዩነት እንበልጠዋለን። 34ኛው ደቂቃ ላይ ሃርቪ ባርንስ አገባ። ኤቨርተን ሜዳ ጉዲሰን ፓርክ ላይ 0ለ0 ነው። ዕረፍቱን ጨምሮ ለአርባ ደቂቃ ያህል ከወራጅ ቀጠናው ወጥተን ቆየን። ቡና አዝዤ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ከዚያ 57ኛው ደቂቃ ላይ አብዱላዬ ዱኩሬ ለኤቨርተን መታት። ስልኬ ነዘረ። ቴሌቪዥኗ ላይ ደግሞ ስታዲየሙን የሞላው ሰው ፊት ሲለወጥ አየሁ። ወሬው በአንድ ጊዜ ደረሰን፤ እዚያም እዚህም።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ ዋውት ፋስ በግንባሩ ሁለተኛውን አስቆጠረ። ማንም አልዘለለም። ዌስትሃም አንድ መለሰ። 2ለ1 አለቀ። ኤቨርተን 1ለ0።

አሸነፍን፤ ወረድን።

ቤት ስገባ አባዬ አልተኛም ነበር። ሳሎን ብቻውን ቁጭ ብሏል። ኳስ አይከታተልም፤ ፊቴን አይቶ ግን ገባው።

"ተሸነፋችሁ?"

"አሸነፍን። ግን ወረድን።"

"አሸንፎ ደግሞ እንዴት ይወረዳል?"

ነጥቡን፣ ሠንጠረዡን፣ የኤቨርተንን ነገር አስረዳሁት። በጽሞና ሰማኝ። ከዚያ ተነሳና ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ "እንግዲያ የወረዳችሁት ዛሬ አይደለማ" አለኝና ወደ መኝታው ገባ።

እንቅልፌን የወሰደው ይኸው ነው። ዛሬ ካልሆነ መቼ ነው?

አልጋዬ ላይ ሆኜ ስልኬን ከፍቼ ዓመቱን ወደ ኋላ መቁጠር ጀመርኩ። መጀመሪያ ያቆምኩት ሚያዝያ 23 ላይ ነው። በገዛ ሜዳችን፣ ከዚሁ ከኤቨርተን ጋር። 2ለ1 እየመራን ለዕረፍት ልንወጣ ስንል ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን። ጄምስ ማዲሰን መሃል ለመሃል መታት። ግብ ጠባቂያቸው ፒክፎርድ ከቦታው ሳይነቃነቅ ያዛት። በኋላ እንደታየው የውሃ ጠርሙሱ ላይ የእያንዳንዱን መቺ ልማድ ጽፎ ነው የመጣው፤ ለማዲሰን መሃል ቁም ይላል። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ኢዎቢ ለእነሱ አገባና 2ለ2 ተለያየን። አሁን ሒሳቡን ስሠራው ያቺን ጨዋታ ብናሸንፍ እኛ 36፣ ኤቨርተን 35 ይሆን ነበር። በአንድ ነጥብ እንተርፋለን ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው።

ግን አንድ ኳስ ብቻውን ቡድን አያወርድም። ከ38 ጨዋታ 22ቱን ተሸንፈናል። የመጀመሪያው ቀን ብሬንትፎርድን 2ለ0 እየመራን 2ለ2 ወጣን። ከዚያ ስድስት ጨዋታ ተከታትለን ተሸነፍን፤ የመጨረሻው በቶተንሃም 6ለ2። ሰባት ጨዋታ፣ አንድ ነጥብ። አሰልጣኛችን ሮጀርስ እስከ መጋቢት ማብቂያ ቆየ፤ ሲሄድ 19ኛ ነበርን። በእሱ ቦታ ዲን ስሚዝ ስምንት ጨዋታ ሲቀር መጣ። በስምንት ጨዋታ ሰው ምን ያህል ይጠግናል?

ወደ ኋላ ስሄድ ደግሞ ያ ሁሉ ደስታ አለ። ሁለት ዓመት ብቻ ነው እኮ! ግንቦት 2013 ዌምብሌይ ላይ ቼልሲን 1ለ0 አሸንፈን ኤፍኤ ካፕ አነሳን። የቲሌማንስ ያቺ ከሩቅ የተመታች ኳስ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለች። ዋንጫው ሲነሳ ግብ ጠባቂያችን ካስፐር ሽማይክል የክለቡን ባለቤት እጁን ይዞ ወደ ሜዳ አስገባው። የባለቤቱ አባት ቪቻይ ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ከዌስትሃም ጨዋታ በኋላ እዚያው ስታዲየሙ አጠገብ ሄሊኮፕተር ተከስክሶ ሞተዋል። የዚያን ቀን አለቀስኩ። ያኔ እየወረዳችሁ ነው ቢለኝ ሰው እጣላው ነበር። ለሁለት ተከታታይ ዓመት አምስተኛ ሆነን ጨርሰናል። ሁለቱንም ጊዜ አብዛኛውን ዓመት ሻምፒዮንስ ሊግ ከሚገቡት ከአራቱ ውስጥ ቆይተን በመጨረሻው ቀን ነው ያመለጠን። ምናልባት እዚያ ላይ ይሆን? ሻምፒዮንስ ሊግ ብንገባ ገንዘቡ ይመጣ ነበር።

ገንዘቡ ደግሞ አልቋል። የክለቡ ባለቤቶች ኪንግ ፓወር ሥራቸው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከቀረጥ ነፃ ዕቃ መሸጥ ነው። በኮሮና ጊዜ አውሮፕላኑ ሲቆም ገበያው አብሮ ቆመ። ክለቡ በ2021/22 ብቻ 92.5 ሚሊዮን ፓውንድ ከሠረ። ስለዚህ ያለፈው ክረምት ሌላው ሁሉ ሲገዛ እኛ ዝም አልን። ተከላካያችን ፎፋና ለቼልሲ ተሸጠ፤ ገንዘብ ወጥቶበት የመጣው ፋስ ብቻ ነው። የነቲሌማንስ ውል ሳይታደስ እያለቀ ሄደ።

ሽማይክል የሄደውም ያን ጊዜ ነው። ሐምሌ 27፣ 2014። አስራ አንድ ዓመት ቆይቶ ወደ ኒስ ሄደ። የዋንጫዎቹ ሁሉ ግብ ጠባቂ። አምበላችን። በእሱ ቦታ ዋና ግብ ጠባቂ አልተገዛም። ያለው ይበቃናል ተባለ። ዳኒ ዋርድ ለዓመታት ሁለተኛ ሆኖ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ድንገት ተነስተህ ቁም ተባለ። እሱን አልወቅስም። መጋቢት ላይ እሱም ተቀመጠና ኢቨርሰን ገባ።

እዚህ ጋ ነው ስልኩን ያስቀመጥኩት። ያለው ይበቃናል። ይቺን ቃል ሌላ ቦታ ሰምቻታለሁ።

ጋሽ መ.ን ታስታውሷቸዋላችሁ። የአባዬ ልብስ ስፌት ሱቅ ቆራጭ። ሱቁ የመጣችሁ ሁሉ ከጀርባ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው አይታችኋቸዋል፤ ሜትሩ አንገታቸው ላይ፣ ጠመኔው ጣታቸው መሃል። አባዬ ይለካል፣ ይሰፋል፣ ደንበኛ ያናግራል። ጨርቁ ላይ መቀስ የሚያሳርፉት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። አባዬ ራሱ "ስፌት ይፈታል፣ የተቆረጠ አይመለስም" ይል ነበር።

ሌስተር ሊጉን ያሸነፈበትን ሌሊት ያሳለፍኩት ከእሳቸው ጋር ነው። ሚያዝያ 24፣ 2008፣ የፋሲካ ማግስት። ለዳግማይ ትንሣኤ የሰርግ ልብስ ስለነበረ ሱቁ እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ነው። ሙሽራው፣ አራት ሚዜ፣ የሙሽራው አባት። እኔ ገበር እያቀበልኩ ጨዋታውን በስልኬ እከታተላለሁ። ቼልሲና ቶተንሃም። ቶተንሃም ካላሸነፈ ሻምፒዮን ነን። በዕረፍት 2ለ0 እየመሩ ነው። ጋሽ መ. ኳስ አያውቁም፤ ግን አሰልጣኛችንን ራኒዬሪን ወደውታል። "ያ ሽማግሌ እንዴት ሆነ?" ይሉኛል በየአስር ደቂቃው። በዓመቱ መጀመሪያ አንድ ለአምስት ሺህ የተቆመረበት ቡድን ነው ብያቸው ነበርና ገርሟቸዋል። ቼልሲ አንድ አገባ። ከዚያ ሃዛርድ ሁለተኛውን አገባ። ጮህኩ። ጋሽ መ. መቀሱን አስቀምጠው አጨበጨቡ። አባዬ ካውያውን እንደያዘ ሳቀ። ያን ያህል ሲስቅ ከዚያ በኋላ አይቼው አላውቅም።

ያ የሱቁም ምርጥ ዓመት ነበር። ያኔ ግን አላወቅነውም።

በ2010 ክረምት ልጃቸው አሜሪካ ወሰደቻቸው። ፀብ የለም፣ ቅያሜ የለም። ዕድሜያቸው ነው፤ ልጅ አባቷን ልጡር ብላ ነው። አባዬ ቡና አስፈልቶ ሸኛቸው። ሌላ ቆራጭ እንፈልግ ወይ ስንለው "ያለነው እንበቃለን፣ እኔው እቆርጣለሁ" አለ። መቁረጥ ያውቃል። ዓይኑ ግን ያኔም ደክሞ ነበር። ለማንም አልነገረም።

አንድ ቀን የአንድ ሙሽራ ኮት ግራ ትከሻው ትንሽ ወደቀ። ትንሽ ነው፤ የጣት ግማሽ አይሆንም። ልጁ መስታወት ፊት ቆሞ አየው፣ አባዬን አየው፣ "ቆንጆ ነው ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብሎ ከፍሎ ሄደ። ወንድሙ በቀጣዩ ጥር ሲያገባ ሌላ ቦታ አሰፋ። ደንበኛ ሲከፋው አይጮህም፤ ሁለተኛ አይመጣም እንጂ። እኔም የዚያን ቀን ትከሻውን አይቼ ነበር። ዝም አልኩ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ሰርግ ቆመ። መስከረም 2014 ቁልፉን ለአከራዩ አስረከብን። ሰው ሁሉ ኮሮና ነው ያለው፤ እኛም እንደዚያው አልን። ለመናገር ይቀላል።

አሁን የማስበው ግን ጋሽ መ. የተሸኙባትን ማታ ነው። ቡናው ሦስተኛ ላይ ደርሷል። መቀሳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ለአባዬ ሰጡት። ከባድ ነው፤ ጥቁር እጀታ ያለው፣ አውራ ጣት የሚገባበት ቦታ ተበልቶ የሰፋ። አባዬ ተቀበላቸው። ትንሽ በእጁ አገላበጠው። ከዚያ ወደ እኔ ዘርግቶ "እስቲ ያዘው" አለኝ።

ያዝኩት። አውራ ጣቴን አስገባሁ፣ ከፈትኩት፣ ዘጋሁት። የሚያምር ድምፅ አለው። ያኔ ሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነበርኩ። ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩትና "በጣም ይከብዳል" አልኩ። ሁሉም ሰው ሳቀ። አባዬም ፈገግ አለ። ሁለተኛ ስለዚያ ነገር አንስቶብኝ አያውቅም።

እስከ ዛሬ ማታ ድረስ ለሥራ ያልደረሰ ልጅ መቀስ አይቶ ነው ብዬ ነበር የማስታውሰው። አሁን ጨለማ ውስጥ ሆኜ ሳስበው እጁን የዘረጋበት መንገድ ነው የሚመጣብኝ።

ከግድግዳው ማዶ ሲያስል ይሰማኛል። እሱም አልተኛም መሰለኝ። ሱቁ መቼ ወደቀ ብዬ ብጠይቀው ምን ይለኝ ይሆን? ኮሮና ይላል? ጋሽ መ. የሄዱ ቀን ይላል? ወይስ ያቺን ማታ፣ እኔ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ መልሼ ያስቀመጥኩባትን?