ለጅማ ሌሊት የሚሆን ዓሣ

የዓሣ ገንዳዬን ካቆምኩ ዘጠኝ ወር ሞላኝ። ለመጀመር ያሰባችሁ ወዳጆች «የቱን ከየቱ ጋር እናድርግ?» እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ፣ በደብተሬ ያሰፈርኩትን ሰብሰብ አድርጌ ላካፍላችሁ።

ስለ ገንዳው ብዙ አልልም። 80 በ35 በ40 ሴንቲ ሜትር ነው፤ መስታወት ቤት ባለ 6 ሚሊ ሜትሩን አስቆርጬ በሲሊኮን አስያዝኩት። 100 ሊትር ገደማ ውኃ ስለሚይዝ ከነድንጋዩ ከኩንታል በላይ ይመዝናል፤ ተራ ጠረጴዛ አይችለውም። ማስቀመጫውን አናጢ ሠራልኝ፣ ጅማ ላይ ለእንጨት ሥራ ሰው አይቸግርም። ሲሊኮን ስትገዙ ፀረ ሻጋታ የተጨመረበትን አትውሰዱ፤ ሻጋታውን የሚከላከለው መድኃኒት ዓሣውንም ይጎዳል።

ጥቅምት ላይ አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ ሁለት ጎልድፊሽ፣ ስድስት ኒዮን ቴትራና አንድ ወንድ ፋይተር ይዤ መጣሁ። ሻጩን አብረው ይኖሩ እንደሆነ ጠይቄው «ምንም አይሉም ወንድሜ፣ ሁሉም ሰላማዊ ናቸው» ብሎኝ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ በላስቲክ ተጉዘው በሕይወት ደረሱ። ልጄ በርጩማዋን ገንዳው ሥር አድርጋ እራቷን እዚያው በላች።

በሳምንቱ ኒዮኖቹ አምስት ሆኑ፤ ከዚያ ሦስት። የሞተ ዓሣ ግን የለም። ዘለው ወጥተው ይሆናል ብዬ ቁም ሳጥን ሥር ሳይቀር ፈለግኩ። አንድ ሌሊት ውኃ ልጠጣ ተነሥቼ ባትሪ ሳበራ፣ ከትልቁ ጎልድፊሽ አፍ ቀይ የኒዮን ጅራት ወጥቶ አየሁ። ጎልድፊሽ ጠበኛ አይደለም፣ ሻጩ እዚያ ላይ አልዋሸም። ነገር ግን ብዙው ዓሣ አፉ ውስጥ የሚገባለትን ይውጣል፤ ጎልድፊሽ ደግሞ በደንብ ከተያዘ 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል፣ ኒዮን ግን ከ4 አያልፍም።

ኅዳር ሲገባ ፋይተሩ ምግብ ተወ። ክንፎቹን አጥፎ ጥግ ላይ መሬት ይተኛል፣ አየር ለመሳብ ብቻ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። የተለከፈ መስሎኝ መድኃኒት ሳፈላልግ ሰነበትኩ። ቴርሞሜትር ያስገባሁት ከሞተ በኋላ ነው፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ 17 ዲግሪ ይላል። ፋይተር የታይላንድና የአካባቢዋ ሙቅ ረግረግ ዓሣ ነው፣ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ይፈልጋል። ጎልድፊሾቹ በዚያው 17 ዲግሪ ሽር ጉድ ይሉ ነበር፤ የእነሱ ዘር ከቻይና ነው፣ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ይስማማቸዋል። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ውኃ ማኖር ከጅምሩ የማይሆን ነገር ነበር፤ አንዱ ሲመቸው ሌላው መታመሙ የግድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ሂተር (የውኃ ማሞቂያ) ግዛ» ይላል። ገዛሁ፣ ባለ 100 ዋት። ቀን ላይ ጥሩ ሠራ። መብራት ሲሄድ ግን ከ26 የጀመረው ውኃ ሲነጋ 20 ደርሶ አገኘሁት። መብራቱ ሲመለስ መልሶ ያሞቀዋል፤ ሌሊት እንደገና ይወርዳል። ዓሣ ደግሞ ሰውነቱ የውኃውን ሙቀት ስለሚከተል፣ እንዲህ ያለው መውጣትና መውረድ ዝም ብሎ ከቀዘቀዘ ውኃ የባሰ ያዳክመዋል። ሌላም ነገር አለ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ውኃ ሲሞቅ የበለጠ ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙ ዓሣ አጭቄ፣ ውኃውን አሙቄ፣ አየር የሚያስገባው ፓምፕ በመብራት መጥፋት ሲቆም ምን እንደሚመጣ ማሰብ ነበረብኝ።

ያኔ ነው ጥያቄዬን የገለበጥኩት። ቤቴን ለዓሣው ከማስተካከል፣ ለቤቴ የሚሆን ዓሣ ልፈልግ አልኩ። ሂተር ሳያስፈልገው ከ18 ገደማ እስከ 24 ዲግሪ ባለ ውኃ የሚኖር፣ ሲያድግ ከ6 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ የሌላውን ክንፍ የማይነጭ። በዚህ ወንፊት ሳጣራ ብዙ የሚያምሩኝ ወደቁ። ኦስካር 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ትናንሾቹንም ይበላል። «መስታወት ያጸዳል» ተብሎ በጣት ቁመት የሚሸጠው ፕሌኮ እንደ ኦስካሩ ይገዝፋል። ታይገር ባርብ ረጅም ክንፍ ካየ አይለቅም።

ወንፊቱን ያለፉት ዜብራ ዳኒዮና ፕላቲ ናቸው። ዳኒዮ የሕንድና የባንግላዴሽ ጅረቶች ዓሣ ነው፤ ቅዝቃዜ ይችላል፣ ፈጣን ነው፣ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። ፕላቲ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ፣ ከማንም ጋር የማይጣላ ዓሣ ነው። ፕላቲ ማዕድን የበዛበት ውኃ ይወዳል፤ የእኛ ቤት ማንቆርቆሪያ ደግሞ ዓመት ሙሉ ውኃ ቢፈላበትም ነጭ ቅርፊት አልያዘም፣ ውኃችን ማዕድን ያነሰው ነው ማለት ነው። ስለዚህ ድንጋይ ስመርጥ ኮምጣጤ ጠብ እያደረግኩ ሞከርኩ። ጥቁሮቹ ዝም አሉ። ከግንባታ ቦታ ያመጣሁት ነጭ ድንጋይ ግን ፍስስ ብሎ አረፋ ሠራ፤ ኖራ አለበት፣ ለውኃው ማዕድን ይጨምራል። ከእሱ ሁለት ቁራጭ አስገባሁ።

ጎልድፊሾቹን ግቢው ውስጥ ሰፊ የሲሚንቶ ገንዳ ላለው ወዳጄ ሰጠሁ። አንድ ሰው «አዌቱ ወንዝ ልቀቃቸው» ብሎኝ ነበር። እባካችሁ ይህን አታድርጉ፤ አዌቱም ሆነ የቦዬ ረግረግ። ከሞቱ ግፍ ነው፣ ከኖሩና ከተዋለዱ ደግሞ የአገሩን ዓሣ ምግቡን ይሻሙታል፣ በሽታም ያመጡበታል።

ጥር ላይ ገንዳውን ውኃ ሞልቼ ያለ ዓሣ አስነሣሁት፣ በቀን ቁንጥር የዓሣ ምግብ ብቻ እየጣልኩ። ምግቡ ሲበሰብስ ዓሣን የሚመርዝ አሞኒያ ይሆናል፤ አንዱ ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጠዋል። ባክቴሪያዎቹ የውኃ ማጣሪያው (ፊልተሩ) ስፖንጅ ላይ እስኪበዙ ስድስት ሳምንት ጠበቅኩ። ልጄ በየቀኑ «ዓሣው መቼ ነው?» ትላለች። በጥቅምት ይህን ሳላደርግ ዘጠኝ ዓሣ በአንዴ መክተቴ ራሱን የቻለ ጥፋት ነበር። ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ አትጠቡት፣ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይፈጀዋል፤ ከገንዳው በቀዳችሁት ውኃ አለቅልቁት።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ ስምንት ዳኒዮ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አራት ፕላቲ ገቡ፣ አንድ ወንድና ሦስት ሴት። የሴቶቹ ቁጥር መብለጡ ወንዱ አንዷን ብቻ እያሳደደ እንዳያደክማት ነው። ዳኒዮም ሁለት ሦስት ከሆነ ሌላውን ያስቸግራል፤ ከስድስት በላይ ሲሆን እርስ በርሱ ይሯሯጣል። ክዳን ግን አይርሱ፣ ይዘላል።

ግንቦት ላይ ለትንሽ ሁሉንም ላጣቸው ነበር። ባለቤቴ ለትንኝ የሚረጨውን ፍሊት ልትነፋ ስትል ደረስኩ። ብዙዎቹ ፀረ ትንኝ መድኃኒቶች ሰውን እምብዛም ሳይጎዱ ዓሣን ይገድላሉ፣ የአየር ፓምፑ ደግሞ የክፍሉን አየር ስቦ በቀጥታ ውኃው ውስጥ ያስገባዋል። አሁን ደንብ አለን፤ ፓምፑ ይነቀላል፣ ገንዳው በላስቲክና በብርድ ልብስ ይሸፈናል፣ ከተናፈሰ በኋላ ይገለጣል። ቤታችሁ ለወባ የሚረጭ ከሆነም ለሚረጩት ሰዎች አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

አሁን ሐምሌ ነው። ትናንት ጠዋት ውኃው 19 ዲግሪ ነበር፤ አሥራ ሁለቱም ምግብ ሲያዩ ወደ ላይ ተሽቀዳደሙ። ፕላቲዎቹ ሁለቴ ወልደዋል፤ አብዛኛውን ዳኒዮዎቹ በሉት፣ ቅጠል ውስጥ ተደብቀው የተረፉትን ልጄ ትናንት አሥራ አንድ ቆጠረች። ፕላቲ በየወሩ ገደማ ይወልዳል፣ ሴቷ ከአንድ ግንኙነት ለወራት መውለድ ስለምትችልም «ሴት ብቻ ልግዛ» ማለት አያድንም። ጅማ ያላችሁ ገንዳችሁ ከተዘጋጀ ኑና ውሰዱ፣ በነጻ ነው።

ቀጥሎ ያሰብኩት ከታች የሚኖር ዓሣ ነው፤ ፔፐርድ የሚባለው ኮሪዶራስ። ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ይስማማዋል፣ ማንንም አይነካም፣ የወደቀ ምግብ ይለቅማል። ግን አፉ አጠገብ ያሉት ለስላሳ ጢሞች ሹል ጠጠር ላይ ስለሚጎዱ መሬቱን ወደ ደቃቅ አሸዋ መቀየር አለብኝ። ከሰኞ ጀምሮ አሸዋ እያጠብኩ ነው። ዘጠኝ ባልዲ ውኃ ደፍቻለሁ፣ እጄን ሳስገባ አሁንም ይደፈርሳል።