«ቁጥሩ እዚያው ይደር ነው የምትለኝ?»

በአንድ ባንክ የካርድ ክፍያ ክፍል ስሠራ፣ የኤቲኤም ስዊቹን፣ ማለትም የኤቲኤም ጥያቄዎችን ወደየባንኩ የሚያስተላልፈውን ሲስተም፣ ሎግ (የሥራውን መዝገብ) ማሰባሰብና መጠበቅ የእኔ ኃላፊነት ነበር። ፒሲአይ ዲኤስኤስ የሚባለው የካርድ መረጃ ደኅንነት ደንብ፣ ሎግ ቢያንስ ለ12 ወራት እንዲቀመጥና የቅርቡ 3 ወር ወዲያው ተከፍቶ የሚታይ እንዲሆን ያዛል። የ3ቱን ወር በሰርቨር፣ የቀረውን በቴፕ እናስቀምጥ ነበር፤ አንድም ቀን ሳይጎድል በመሰብሰቡ እኮራ ነበር።

ኦዲተሩ ሰኞ ሊመጣ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሎጉ ውስጥ ባለ 16 አኃዝ ቁጥሮችን የሚፈልግ ትንሽ ፕሮግራም አስኬድሁ። የካርድ ቁጥርን ከሌላ ቁጥር ለመለየት፣ የካርድ ቁጥር ትክክለኛነት በመጨረሻ አኃዙ የሚፈተንበትን የሉን ስሌት ጨምሬበት ነበር፤ በዚህ ስሌት ከ10 ተራ ቁጥሮች አንዱ በአጋጣሚ ሊያልፍ ይችላል፤ የወጡት ግን በሺህ የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ መነሻ 6 አኃዞቻቸው በየዕለቱ የምናያቸው የባንኮች መለያዎች ነበሩ። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብኝም። ከወራት በፊት አንድ ባልደረባችን፣ አንዳንድ የኤቲኤም ጥያቄዎች ለምን ያለ መልስ እንደሚቀሩ ለማጣራት በስዊቹ ላይ ዲበግ (ችግር ለመፈለግ ሁሉንም ዘርዝሮ ሎግ ላይ የሚጽፍ አሠራር) ከፍቶ ነበር፤ ችግሩ ሲፈታ ዲበጉን የዘጋው ሰው አልነበረም። ስዊቹም የአይኤስኦ 8583 መልእክቱን (የካርድ ክፍያ መልእክት የሚጻፍበት፣ በቁጥር በተለዩ መስኮች የተከፈለ ዓለም አቀፍ ቅርጽ ነው) እንዳለ፣ መስክ 2ን ከነሙሉ የካርድ ቁጥሩ፣ መስክ 35ን ከነማግኔት ትራኩ፣ ማለትም በካርዱ ማግኔት መስመር ላይ ካለው መረጃ ጋር፣ ይጽፍ ነበር። የትራክ መረጃ፣ ካርድ አውጪው ባንክ ለሥራው ካላስፈለገው በስተቀር፣ ክፍያው ከተፈቀደ በኋላ ተመስጥሮም ቢሆን መቀመጥ የለበትም። እኔ ደግሞ ያንን በታማኝነት እየሰበሰብሁ ወደ ቴፕ እገለብጥ ነበር።

ወዲያው ለክፍሉ ኃላፊ ነገርኋቸው። ዲበጉን አስዘጉና ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም «ሰውየው የሚመጣው ሰኞ ነው። ቅዳሜና እሁድን ገብታችሁ አጽዱልኝ» አሉ።

«ጋሼ፣» አልኋቸው፣ «የምናጠፋው የካርዱን ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩን ማን ገብቶ እንዳየው የሚመሰክረውንም ነው።» የቆየ ሎግ ሲነካ የሚያስጠነቅቅ መቆጣጠሪያ ራሳችን መትከላችንንም አስታወስኋቸው።

ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «ታዲያ ቁጥሩ እዚያው ይደር ነው የምትለኝ?» ብለው ጠየቁኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከኦዲተሩ ለመደበቅ ብለው ነው ብዬ ተቆጥቼ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ የጠየቁት ጥያቄ የካርዱ ባለቤት ቢሰማ የሚጠይቀው ነው። ደንቡም ቢሆን በጎናቸው ነበር፤ ያ መረጃ መጥፋት አለበት። ያላግባባን የሚጠፋበት መንገድ ነው፤ ሳይመዘገብ በሌሊት፣ ወይስ ተጽፎና ተፈርሞበት። በመጨረሻ በጽሑፍ ካላዘዙኝ እንደማልነካው ነገርኋቸው፤ በጽሑፍ አላዘዙኝም።

ሰኞ ዕለት ለኦዲተሩ ራሴ አሳየሁት። እንደ ከባድ ጉድለት ጻፈው። ሎጉ ስላልተነካ ግን እነዚያን ፋይሎች የማንበብ ፈቃድ የነበራቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ለይተን፣ ማን መቼ እንደከፈታቸው ለማየት ቻልን፤ ከእነዚህም አንዱ ውሉ ያበቃ የውጭ ባለሙያ ሆኖ ሳለ መግቢያው ገና ክፍት ነበር። ይህንን የማወቂያ ሌላ መንገድ አልነበረንም።

ከዚያ በኋላ የካርድ ቁጥሩ ከስዊቹ ሳይወጣ ከመነሻው 6 እና ከመጨረሻው 4 አኃዝ በቀር እንዲሸፈን፣ መስክ 35 ደግሞ ጨርሶ እንዳይጻፍ አደረግን። ደንቡ ከሎግ የሚፈልገው ማን፣ ምን፣ መቼ፣ ከየት እንዳደረገ፣ ተሳካለት ወይስ ከሸፈ፣ የነካውስ የትኛውን መረጃ ወይም ሲስተም እንደሆነ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ ሙሉ የካርድ ቁጥር የሚያስፈልገው አንድም የለም። ይህን ቀድሞ ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርሁ፤ ሎግ መሙላቱን እንጂ በምን እንደሚሞላ አልጠየቅሁም ነበርና።

ኃላፊው ለረጅም ጊዜ ከሰላምታ በላይ አላነጋገሩኝም። ያደረግሁትን ዛሬም ደግሜ አደርገዋለሁ፤ ጥያቄያቸው ግን አልለቀቀኝም። የሰርቨሩ ፋይሎች በ2 ሳምንት ውስጥ ጸዱ፤ ቴፖቹ ግን የሚወገዱበት ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ቆይቶ፣ በ2 ሰዎች ፊርማ የተሰባበሩት ከ2 ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ቁጥሩ እዚያው አደረ።