«ወደድኩ» ወይስ «ወደቅኩ»? ሐዋሳ ላይ አንድ ማንጋ ያነበብንበት ክረምት

ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ አለችኝ። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ፎቶ ኮፒ። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ገበያው ይቀዘቅዛል። በ2017 ዓ.ም. ክረምት ግን ከሱቁ ጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ ትሞላ ነበር። አሥራ አንድ ሆነን አንድ ማንጋ አነበብን። ሰባት ቅጽ ነው፣ በስምንት ሳምንት ጨረስነው። እናንተም ሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ነገር ለመጀመር ካሰባችሁ፣ እንዴት እንዳደረግኩትና የት ላይ እንደተሳሳትኩ ልንገራችሁ።

ማንጋ የጃፓኖች የሥዕል ታሪክ ነው። እኛ ያነበብነው በጃፓንኛ «ኮኤ ኖ ካታቺ» ይባላል፤ «የድምፅ ቅርጽ» እንደማለት ነው። ጽፋ የሳለችው ዮሺቶኪ ኦኢማ ናት። ከ2013 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በተከታታይ ወጣ። በ2016 ፊልም ሆነ። ከልጆቹ ግማሾቹ ፊልሙን በስልካቸው አይተውት ነበር፤ መጽሐፉን ግን አንዳቸውም አያውቁትም።

ታሪኩ ባጭሩ ይሄ ነው። ሾኮ የምትባል መስማት የተሳናት ልጅ ስድስተኛ ክፍል ላይ አዲስ ተማሪ ሆና ትመጣለች። ከክፍሏ ልጆች ጋር የምታወራው በደብተር ነው። ሾያ የሚባል ልጅ ሙድ ይይዝባታል። የመስሚያ መሣሪያዋን እየነጠቀ ይጥላል። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱን ለቃ ትሄዳለች። ከዚያ ሲስቁ የነበሩት ጓደኞቹ ጥፋቱን ሁሉ እሱ ላይ ይደፉና ሾያም ብቻውን ይቀራል። ከአምስት ዓመት በኋላ የምልክት ቋንቋ ተምሮ፣ ያንን ደብተር ይዞ ይፈልጋታል። የቀረው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው። ፍቅር አለ፣ ጥፋተኝነት አለ፣ «እኔ ማን ነኝ?» የሚል የጉርምስና ጥያቄ አለ።

ያለኝ አንድ ቅጂ ብቻ ነው፣ እሱም በእንግሊዝኛ። ዘመድ ከውጭ ያመጣልኝ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ወሰንኩ። አንደኛ፣ መጽሐፉ ከሱቅ አይወጣም። በሳምንቱ ውስጥ እየመጡ ጓሮ ቁጭ ብለው ያነባሉ፣ ቅዳሜ ተሰብስበን እናወራለን። ሁለተኛ፣ የሚነገረውን ነገር ሁሉ በአማርኛ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ገጽ በገጽ፣ ቁጥር እየሰጠሁ። መጽሐፉ በግራ፣ ደብተሩ በቀኝ ይዘረጋል። ደብተሩን አላባዛሁትም። ፎቶ ኮፒ ማሽን አጠገቤ ተቀምጦ አለማባዛት ከባድ ነበር፤ ግን ሥራው የደራሲዋ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ተበላሸ። ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። ነግሬያቸዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር፣ ለካ አልነገርኩም። ሦስት ልጆች ታሪኩን ከኋላ ወደ ፊት አንብበው «ምንም አይገባም» ብለው መጡ። ከዚያ በኋላ የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ቀስት ሳልኩ። ሾያና ሾኮ የሚሉት ስሞች መመሳሰላቸውም አስቸግሮ ነበር፤ እሱ በራሱ ጊዜ ለመዱት።

ትልቁ ችግር ሌላ ነበር። የአንባቢዎቹን ስሜት ማወቅ ፈልጌ ነበር። ይሄን ሁሉ የደከምኩት ለዚያ ነው። ቅዳሜ ቁጭ ብለን «እንዴት ነበር?» ስል «አሪፍ ነው» ይሉኛል። «ምኑ?» ስል «ሥዕሉ»። ጸጥ። በሁለተኛው ሳምንት አሥር ጥያቄ ያለበት ወረቀት አዘጋጅቼ አደልኩ። መልሱ የፈተና መልስ ሆኖ መጣ። «ከዚህ ታሪክ በሰው ላይ ማሾፍ መጥፎ መሆኑን ተምረናል።» አሥር ሰው፣ አሥሩም አንድ ዓይነት። ልጆቹ ላይ አልፈርድም። ከልጅነታችን ጀምሮ ታሪክ ከተነበበ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ «ምን ተማራችሁ?» ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ጥያቄውን ተውኩት። ደብተር ስቆርጥ የሚተርፉ ብጣሽ ወረቀቶች አሉኝ። እነሱን በባዶ የብስኩት ቆርቆሮ አድርጌ መጽሐፉ አጠገብ አኖርኩ። «ስታነቡ ቆም ያላችሁበት ቦታ ካለ ገጹን ጻፉ። ከፈለጋችሁ ለምን እንደቆማችሁም ጻፉ። ስም አያስፈልግም» አልኳቸው። በቃ።

ቆርቆሮው ሞላ።

አንዱን ለምሳሌ ልንገራችሁ። በመጽሐፉ ውስጥ ሾያ ሰው ቀና ብሎ ማየት ስለማይችል የሁሉም ሰው ፊት ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት አለ። ጓደኛ ሲሆኑት ምልክቱ ከፊታቸው ላይ ይረግፋል። መጀመሪያ የሚረግፈው ናጋትሱካ ከሚባል ወፍራም ልጅ ፊት ላይ ነው። አንድ ብጣሽ ወረቀት እዚያ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «እኔ ምልክቱን የማደርገው መስታወት ውስጥ ነው።» ሌላ ምንም የለውም። ያንን ማታ ወረቀቱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከአሥሩ አንዱ ነው፣ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉንም ፊታቸውን አየሁ። ሁሉም ይስቃሉ፣ ይቀልዳሉ።

አንዲት የሁለት ልጆች እናትም ነበረች፣ ልጇን ልታደርስ መጥታ እሷም አንባቢ ሆና የቀረች። እሷ የቆመችው የሾያ እናት ለተሰበሩት የመስሚያ መሣሪያዎች ገንዘብ አውጥታ ከፍላ፣ ጎንበስ ብላ ይቅርታ የምትጠይቅበት ቦታ ላይ ነው። «እናንተ ስለ ፍቅር ታወራላችሁ፤ እኔ ያቺን ሴትዮ ነው የማያት» አለችን። ከዚያ በኋላ ወጣቶቹም እናትየዋን ማየት ጀመሩ።

ክርክር የነበረው ይቅርታው ላይ ነው። እንዲህ የበደላትን ልጅ እንዴት ልትወደው ትችላለች? ሴቶቹ አብዛኞቹ ተናደዱ። አንዱ ደግሞ «ለምን ብቻውን ሄደ? ሽማግሌ አይልክም?» አለ። ሁሉም ሳቀ፣ እሱ ግን የምሩን ነበር። ይቅርታ ሁለት ሰው ብቻውን የሚጨርሰው ነገር መሆኑ አልታየውም። አንድ የሲዳማ ልጅ ቀበል አድርጎ ስለ አፊኒ አወራን። በሲዳማ ሽማግሌዎች ችግር ሲፈታ የሚባል ቃል ነው፤ «ሰማችሁ ወይ?» ማለት ነው። መጀመሪያ ሁሉም ይሰማል፣ ከዚያ ነው ዕርቅ የሚመጣው። «እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ግን ማንም ማንንም አይሰማም፤ የማትሰማው እሷ ብቻ አይደለችም» አለ። ይሄንን እኔ አንብቤ አንብቤ አላየሁትም ነበር።

አሁን ጨረቃ ወዳለችበት ገጽ ልምጣ። ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ገጽ እሱ ነው።

ሾኮ ፍቅሯን ለሾያ ትነግረዋለች። በምልክት መንገር ትችላለች፣ እሱ ተምሯል። መጻፍም ትችላለች። እሷ ግን በድምፅዋ ነው የምትነግረው። በጃፓንኛ «ስኪ» ማለት «እወዳለሁ» ነው። አነጋገሯ ጥርት ስለማይል እሱ «ትስኪ» ይመስለዋል። «ትስኪ» ጨረቃ ነው። ቀና ይልና «አዎ፣ ታምራለች» ይላታል። ይሄንን በአማርኛ እንዴት አድርጌ ልጻፈው? አንዷ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ መፍትሔ አመጣች። «ወደድኩ» ትበለውና እሱ «ወደቅኩ» ብሎ ይስማት። አንድ ፊደል ብቻ ነው ልዩነቱ! በጣም ደስ ብሎኝ ቀየርኩት። ግን በሚቀጥለው ቀን አንዱ «ወደቅኩ ካለችው ለምን መሬት አያይም? ለምን ሰማይ ሰማይ ያያል?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ነው። ሥዕሉ ውስጥ ጨረቃ አለች፣ ሥዕሉን መቀየር አልችልም። በመጨረሻ ሁለቱን የጃፓን ቃላት እንዳሉ በፊደላችን ጻፍኩና ትርጉማቸውን ከሥር አስቀመጥኩ። የሥዕል ታሪክ ስትተረጉሙ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ሰውየው ወዴት እንደሚያይም ተመልከቱ። እኔ ይሄን ለማወቅ አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ።

በዚያ ሳምንት ከገቡት ወረቀቶች ግማሾቹ ያቺ ገጽ ላይ ነበሩ። ወንዶቹ «ፈዛዛ ነው» ብለውታል። ሴቶቹ «ለምን አልጻፈችለትም?» ይላሉ። አንዱ ወረቀት ግን ረጅም ነበር። ጸሐፊዋ እሷም አንድ ቀን ፍቅር ሐይቅ ዳር ስትንሸራሸር ለአንድ ልጅ የልቧን ልትነግረው ጀምራ፣ እሱ ግን ወሬውን ወደ ኳስ እንዳዞረው ጽፋለች። «ሾኮ ለምን በድምፅዋ እንዳለችው ገብቶኛል። የተጻፈ ነገር ተመልሶ ይነበባል። የተነገረ ግን ካልተሰማ አልተባለም» ትላለች።

በጣም ቆንጆ ስለነበረ ቅዳሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ስም የለውም ብዬ ነው። ግን ልጁ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ፊቱ ቀላ። ሁሉም ወደ እሱ አየ፣ ከዚያ ወደ እሷ። ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ይሄ የእኔ ጥፋት ነው። የሰውን ምስጢር ተቀብዬ ለጨዋታ ማድመቂያ አደረግኩት። ሰኞ ቤቷ ድረስ ሄድኩ። በር ላይ ቆማ ሰማችኝ፣ ብዙም አልተናገረች። «መጽሐፉን መጨረስ እፈልጋለሁ፣ ቅዳሜ ግን አልመጣም» አለች። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ እየመጣች እስከ ሰባተኛው ቅጽ አነበበች። ሻይ አፈላላት ነበር። ወረቀት ቆርቆሮው ውስጥ ዳግመኛ አልከተተችም። እኔም አልጠየቅኳትም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ብጣሽ ወረቀት ጫፍ ላይ «ይነበብ» እና «አይነበብ» የሚል አተምኩ፣ ያክብቡበታል። አብዛኞቹ «አይነበብ» ነው የሚያከብቡት። ያንን ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረብኝ።

ሌላም ማሳሰቢያ አለኝ። መጽሐፉ ውስጥ ራስን የማጥፋት ሙከራ አለ፤ ሾኮ በርችት ምሽት። ከወጣቶች ጋር የምታነቡ ከሆነ እዚያ ከመድረሳቸው በፊት ንገሯቸው። እኔ ጎረቤቴ የሆነች ነርስ ለምኜ በዚያ ቅዳሜ አብራን ተቀምጣለች። ምንም ንግግር አላደረገችም፤ መኖሯ ብቻ በቂ ነበር። ሁለት ልጆች በኋላ ለብቻ አናግረዋታል።

በአምስተኛው ሳምንት ከአንባቢዎቹ የአንዷ ታላቅ ወንድም መጣ። ልብስ ሰፊ ነው፣ መስማት የተሳነው። እህቱ ቤት ውስጥ ስታወራለት ጓጉቶ ነው። ከእኔ ጋር በደብተር ነበር የምናወራው፣ ልክ እንደ ሾኮ። ሥዕሉ ውስጥ ያሉት እጆች ምን እንደሚሉ ጠየቅኩት። «አላውቅም፤ የእነሱ ምልክት ሌላ ነው» ብሎ ጻፈልኝ። የምልክት ቋንቋ ከአገር አገር ይለያያል። የደራሲዋ እናት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንደሆኑ ስነግረው ግን ገጾቹን እንደገና ገልጦ እጆቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመረ።

እሱ እንደኛ አላነበበም። እኛ አራት ሳምንት ሙሉ የተከራከርነው ሾያ ይቅር ይባል አይባል እያልን ነው። እሱ ሾኮ ስንት ጊዜ ይቅርታ እንደጠየቀች ቆጥሮ መጣ። «እሷ ምን አጠፋች?» ብሎ በትልቁ ጻፈ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እናትየዋ «እውነትህን ነው» አለች፣ ከዚያ እንደማይሰማት ትዝ አላትና ወረቀቱን ተቀብላ ጻፈችለት።

ወደ መጨረሻው አካባቢ ታሪኩን በሾኮ ዓይን የምናይበት ምዕራፍ አለ። እዚያ ሌሎች ሰዎች የሚናገሩት ነገር ፊደሉ እየጎደለ ነው የታተመው፤ እሷ የሚደርሳት ያን ያህል ስለሆነ። እኔ በእርሳስ ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን ከጻፍኩ በኋላ የፊደሉን ግማሽ በላጲስ አጠፋሁት። «ደህና አደርሽ» የሚለው የተቆራረጠ ጭረት ሆነ። ልጆቹ «ይሄ አይነበብም፣ ቀለሙ ለቅቋል» ብለው አስረከቡኝ። አንዱ በእስክሪብቶ ሊያስተካክልልኝ ሁሉ ጀምሮ ነበር።

ልብስ ሰፊው ያቺን ገጽ ሲያይ እስከዚያን ቀን እንዳደረገው ቶሎ አላለፋትም። ጣቱን ጭረቶቹ ላይ አስኬደው። ወደ እኔ አየ። ደብተሩን ስቦ «ይሄን ለእናቴ ላሳያት» ብሎ ጻፈ።

መጽሐፉ ከሱቅ አይወጣም የሚለው ሕግ በር ላይ ተለጥፏል። ስድስተኛውን ቅጽና ደብተሩን አንድ ላይ በፌስታል ጠቅልዬ ሰጠሁት። ዝናብ ነበር። ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦት ባጃጅ ይዞ ሄደ።