ምልክት ስጠብቅ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ደብቶኝ ዋለ። ምንም የተፈጠረ ነገር የለም። መብራት የለም፣ ዝናቡም አላባራ ብሏል። ቅዳሴ አስቀድሼ ስመለስ የቱሉ ዲምቱ ጭቃ ጫማዬን ይዞ አልለቅ አለኝ። ፍልሰታ ሲገባ ግን እንዲህ ያደርገኛል። ጾሙም ክረምቱም አንድ ላይ ሆኖ ሆድ ያስብሳል።

ድሬዳዋ የቀረበልኝ ሥራ ነገር ገና አልተቋጨም። ከፍልሰታ በኋላ መልስ ይፈልጋሉ። ታላቋ እህቴ በስልክ “አትሞኚ፣ ሂጂ” ትለኛለች። እማዬ ሂጂም ቅሪም አትልም። ሽሮዋን እያማሰለች “እሱ ያውቃል” ትላለች፣ በቃ።

እማዬ ይህን የምትለው ለወግ አይደለም። ይህንን ቤት ያገኘነው በእጣ ነው። ስማችን የወጣ ቀን ግንባሯ መሬት እስኪነካ ሰግዳለች። ለእሷ እጣውን ያወጣው ኮምፒውተር አይደለም፣ እግዚአብሔር ነው። መጽሐፈ ምሳሌም ይደግፋታል፤ እጣ በጉያ ይጣላል፣ ውሳኔው ግን ከእግዚአብሔር ነው ይላል (16፥33)። ሐዋርያትም በይሁዳ ቦታ ማትያስን የተኩት በእጣ ነበር።

ይህን እያሰብኩ የሐዋርያት ሥራን ገለጥኩና እዚያው ቀረሁ። ማትያስ ከተመረጠ በኋላ፣ በሁለተኛው ምዕራፍ፣ መንፈስ ቅዱስ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ሐዋርያት እጣ ሲጥሉ አናነብም። ሰባቱ ዲያቆናት ሲመረጡ የተባለው መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸውን ሰዎች ፈልጉ ነው። ፈልጉ! ሰዎቹን አይቶ፣ አመዛዝኖ መምረጥ የእነሱ ድርሻ ሆነ።

እኔን ደግሞ ምልክት መለመን ያምረኛል። ጌዴዎንም ለምኗል። አንድ ሌሊት መሬት ላይ ያኖረው የበግ ጠጉር በጤዛ ርሶ ምድሩ ደረቀለት፣ በሌላው ሌሊት ደግሞ ተገላቢጦሹ ሆነለት። ግን ጌዴዎን ያኔ ምን እንዲያደርግ ተነግሮት ነበር። የጎደለው ድፍረት ነው። እኔ ገና የቱ መንገድ የእኔ እንደሆነ አላወቅኩም።

ስለዚህ ሰለሞን ይሻለኛል። በገባዖን በሕልም “ምን ልስጥህ?” ሲባል የለመነው አስተዋይ ልቡና ነው። ወዲያው በዚያው ምዕራፍ አንድ ሕፃን የእኔ ነው፣ የእኔ ነው የሚሉ ሁለት ሴቶች ፊቱ ቆሙ። እውነተኛዋ እናት ይህቺ ናት የሚል ድምፅ ከሰማይ አልመጣም። ሰይፍ አስመጥቶ፣ የሴቶቹን ሁኔታ አይቶ፣ ራሱ መለየት ነበረበት። ልቡናውን የሰጠው አምላክ ፍርዱን ለእሱ ተወለት። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል፣ ያስፈራኛልም።

የንስሐ አባቴም ባለፈው ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሂጂ ወይም ቅሪ ይሉኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። እሳቸው ግን መጠየቅ ያዙ። “የእናትሽን የደም ግፊት መድኃኒት ማን ይገዛላታል? ውሃ ሲጠፋ ጀሪካኑን አራተኛ ፎቅ ድረስ ማን ያወጣላታል? አንቺ ስትመጪ በአውቶብስ ነው በአውሮፕላን? ደሞዙስ ይህን ሁሉ ይችላል?” መስቀላቸውን አሳልመውኝ “በይ ልጄ፣ ጸልዪበት” አሉና ሌላ ሰው አስገቡ። ወደ ቤት እየመጣሁ ስለ ጀሪካኑ አሰብኩ። ከታች ያለው የጎረቤታችን ልጅ ጎበዝ ነው፣ እማዬንም ይወዳታል። በወር የሆነ ነገር ባስብለት እሺ ይላል። በእግዚአብሔር መታመን ማለት ለእኔ ይህንንም ይጨምራል። ጠዋት ውዳሴ ማርያሜን ደግሜ፣ ጥበብን ሳይነቅፍ በልግስና የሚሰጠውን አምላክ ለምኜ፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ የመድኃኒቱን ወጪ ማስላት። ሁለቱን ለያይቼ ላያቸው አልፈልግም።

አንድ ነገር ግን አላስተኛ ብሎኛል። ያው ሰለሞን ሲያረጅ ልቡ ወደ ሌሎች አማልክት ዘነበለ። ያውም እግዚአብሔር ሁለቴ ተገልጦለት! በሕልም የተሰጠ ልቡና እንዲህ ከሆነ፣ ጥበብ አንዴ ተለምና የምትቀር አይደለችም ማለት ነው፣ በየቀኑ መለመን አለባት። እሺ፣ በየቀኑ እለምናለሁ። ግን የፍልሰታው ጾም ተፈቶ ስልኩን አንስቼ “እመጣለሁ” ወይም “ይቅርብኝ” ስል፣ ያ የሚወስነው ልብ እሱ የሰጠኝ ይሁን የራሴ ፍላጎት በምን አውቃለሁ?