ታች ለቆሙት ልጆች የለመንኩት

በቅድሚያ ለዚህ ቀን ላደረሰኝ ለልዑል እግዚአብሔር ክብር ምስጋና ይድረሰው። ባለፈው ጥር 7 በዓመታዊ በዓሉ እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄጄ የተሳልኩትን ጧፍ አስገብቻለሁ። ስለቴ ግን ጧፍ ብቻ አልነበረም። «ልጆቹን በሰላም ቤታቸው ካስገባህልኝ ሥራህን ለሰው እመሰክራለሁ» ብዬ ነበር። ይኸው ልመሰክር ነው።

እኔ እዚህ ጎንደር ዛፍ እየወጣሁ በመቁረጥ የምተዳደር ሰው ነኝ። ሜዳ ላይ የበቀለ ዛፍ ከሥሩ ቆርጦ መጣል ሌላ ሥራ ነው። እኔ የምጠራው ለግቢ ዛፍ ነው። በአንድ በኩል ቆርቆሮ ቤት አለ፣ በሌላ በኩል የጎረቤት አጥር፣ አጠገቡ የመብራት ሽቦ። እንዲህ ያለ ዛፍ ባንዴ አይጣልም። ወጥተህ ቅርንጫፉን አንድ በአንድ፣ ከዚያም ግንዱን ቁራጭ በቁራጭ እያሰርክ ታወርደዋለህ። አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ እድገቱ ጉድ ነው። ሰው አጥሩ ሥር ችግኝ ይተክላል፤ ልጆቹን ሳይድር ዛፉ ጣሪያውን አልፎት ይሄዳል።

ዛፍ ላይ ሲያዩኝ ሰዎች የሚሰጉት ለእኔ ነው። «አምላክ ይጠብቅህ» ይሉኛል፤ አሜን እላለሁ። እኔ ግን ላይ ስሆን በቀበቶ ታስሬያለሁ። የቱን እንደምቆርጥ፣ መቼ እንደምቆርጥ የምወስነው ራሴ ነኝ። የምቆርጠው ሁሉ የሚወርደው ታች ወዳለው ልጅ ነው። የእኔም ነፍስ ያለችው እሱ በያዘው ገመድ ላይ ነው። ስለዚህ ጸሎቴ ከድሮም ለታቾቹ ነው።

የረዳት ሥራ ገመድ መያዝና ቅርንጫፍ መጎተት ብቻ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። የለመደ ረዳት ገመዱን ግንዱ ሥር ሁለት ሦስቴ ይጠመጥመዋል። ክብደቱን የሚሸከመው ያ ጥምጥም ነው። ገመዱ ግንዱን እያሸ ስለሚሄድ አንድ ቀጭን ልጅ ከራሱ እጥፍ የሚመዝን ቅርንጫፍ በእርጋታ ያወርዳል። ቅርንጫፉ ሲለቀቅም ባንዴ ቀጥ አያደርገውም። ትንሽ ያስሮጠውና ቀስ እያለ ያቆመዋል። ባንዴ ከያዘው ዛፉ በሙሉ ይወዛወዛል፤ ያን ጊዜ እኔ ላይ ነኝ፣ መጋዝ በእጄ። ትርፉን ገመድ እግሩ ሥር አይከምርም፤ የሚሮጥ ገመድ እግር ከጠለፈ ምሕረት የለውም። ቅርንጫፍ ሲጎትት በተቆረጠው በወፍራሙ በኩል ይዞ ነው። በቅጠሉ በኩል ከሳበው ያገኘውን ሁሉ እየያዘ ያስቸግረዋል። መጋዙ እየጮኸ ደግሞ ዛፉ ሥር ድርሽ አይልም። ቀና ብሎ ዓይን ለዓይን ተያይተን በእጄ «ና» ስለው ነው የሚገባው።

አዲስ ልጅ ይህን ሁሉ ከየት ያውቀዋል? በአንድ ጠዋት ነግሬው አይጨብጠውም። እውነቱን ለመናገር የሚያስፈራኝ ሰነፉ አይደለም። ሰነፍ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። የሚያስፈራኝ ትጉሁ ነው። ቅርንጫፉ ገና መሬት ሳይነካ ላግዝ ብሎ የሚሮጠው፣ ገመዱ ሲከብደው እኔን የሚከዳኝ መስሎት ሙጭጭ የሚለው።

ለዓመታት አብሮኝ የሠራ ረዳት ነበረኝ። ምን እንደምፈልግ ሳልናገር ያውቅ ነበር። አምና መስከረም ላይ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ መተማ ወረደ። የእኛ አገር ነገር ይታወቃል። ሰሊጥ ሲደርስ ጉልበት ያለው ወጣት ሁሉ ወደ ቆላ ይነጉዳል፤ ከተማው ውስጥ የቀን ሠራተኛ እንደ ልብ አይገኝም። አጨዳው ሲያልቅ ይመለሳል ብዬ ጠበቅኩት። እሱ እዚያው ሌላ ሥራ አግኝቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ የምለምነው ሁለት ነገር ሆነ። «አምላኬ ሆይ፣ ሁነኛ ረዳት ስጠኝ። እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ታች የማቆማቸውን የሰው ልጆች አደራ።»

ኅዳር ላይ ከቀሃ ወንዝ ማዶ የሚኖሩ አንዲት እናት አስጠሩኝ። ክረምቱ መሬቱን አርሶት ትልቅ ባሕር ዛፋቸው ወደ ማዕድ ቤታቸው ዘምሟል። መብራት ኃይል መስመሩን አቋርጦልናል። ሁለት ልጆች ይዤ ሄድኩ። አንዱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ የከተማ ልጅ ነው። ሌላው ከደምቢያ የመጣ የገበሬ ልጅ፣ ክንዱ እንደ ብረት የጠነከረ። ሁለቱም ገመድ በዚህ ሥራ ይዘው አያውቁም። ስለቱን የተሳልኩት የዚያን ቀን ጠዋት፣ ገና ከግቢው በር ሳንገባ ነው።

አስተማርኳቸው። ጥምጥሙን ሠርቼ አሳየሁ፤ እነሱም ሠርተው አሳዩኝ። በትንሽ ቅርንጫፍ ሞከርን። «ገብቶኛል ጋሼ» አለ የከተማው ልጅ። የደምቢያው ቁጥብ ነው፤ ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

ወጣሁ። ከታች ጀምሬ ቅርንጫፎቹን እየቆረጥኩ ሳለ ግማሽ ላይ ስደርስ የሞተር መጋዙ ሰንሰለት ወጣ። የያዝኩት ቅርንጫፍ አጋማሹ ላይ ብቻ ተቆርጦ ክንድ የምታህል ጉቶ ቀረች። ተበሳጨሁ። ጉቶ መተው አልወድም፤ የሚወርደውን ሁሉ ትይዛለች። መጋዙን በገመድ አወረድኩ፣ ሰንሰለቱን አስተካክዬ እንደገና ወጣሁ። ያቺን ጉቶ ልቆርጥ መጋዙን ሳስነሳ አልነሳም አለኝ። ደጋግሜ ሳብኩት፤ ምንም። ትቻት ወደ ላይ አለፍኩ። ላይ ስደርስ መጋዙ በአንድ ስበት ተነሳ።

ቀጥሎ ያለው ማዕድ ቤቱ ላይ የተጋደመው ዋናው ቅርንጫፍ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ክብደቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አሰርኩት። ገመዱን ከበላዬ ባለው ጠንካራ የቅርንጫፍ መንታ አሳልፌ ወደ ታች ላክሁት። የደምቢያው ልጅ ጠምጥሞ ያዘ። አይቼዋለሁ፤ ልክ ነበር። እኔ ፊቴን ወደ ቆረጣው አዞርኩ።

ሳልቆርጥ የምተወው ስስ እንጨት አለ። ቅርንጫፉ በዚያ ተንጠልጥሎ ቀስ ብሎ ይዘምማል። እሱ መሰንጠቅ ሲጀምር ታች ተመለከትኩ። የደምቢያው ልጅ ጥምጥሙን ፈትቶታል! በኋላ እንደነገረኝ ገመዱ ግንዱ ላይ ተይዞ አልሄድ ያለው መስሎት ነው። ፈትቶ ደግሞ አልለቀቀም። የእጁ አንጓ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሞ በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል። በሬ እየሳበ ያደገ ልጅ ነው። በሬው እንዳያመልጠው ገመዱን እጁ ላይ ይጠመጥማል፤ አባቱ ያስተማሩት እንደዚያ ነው። ጓደኛው ደግሞ ቀደም ብሎ የወረደውን ጭራሮ ሊጎትት ትክክል ከቅርንጫፉ ሥር ጎንበስ ብሏል።

መጋዙ ይጮኻል። ብጠራቸው አይሰሙኝም። የተሰነጠቀ እንጨት ደግሞ አይመለስም። ከአፌ የወጣው «ሥላሴ! ልጆቹን!» የሚል ብቻ ነው።

ቅርንጫፉ ተገነጠለ። ገመዱ ተወጠረ። የልጁ ሁለት እግር ከመሬት ሲነሳ በዓይኔ አየሁ። ጎማ ጫማው አንዱ ወልቆ ቀረ። ከዚያ ቅርንጫፉ ወደ ግንዱ ዞረ፣ ግንዱን እየታከከ ወረደ፣ የራሱ መንታ ያቺ ልቆርጣት ያልቻልኳት ጉቶ ላይ ገብቶ ቁጭ አለ። ቀጥ። ገመዱ ላላ። ልጁ በእግሩ አረፈ፣ እጁን ፈታ። ጎንበስ ያለው ልጅ ቀና ሲል ቅጠሉ ከራሱ በላይ ተንጠልጥሏል፤ እጁን ቢዘረጋ ይነካዋል።

ባለቤቲቱ በረንዳቸው ላይ ሆነው እልል አሉ። እኔ መጋዙን አጥፍቼ ግንዱን አቅፌ አለቀስኩ።

ወርጄ የልጁን እጅ አየሁ። የገመዱ ፈትል አንጓው ላይ ቀይ ሆኖ ታትሟል። አጥንቱ ደህና፣ ጣቶቹ ሁሉ ይታጠፋሉ። እኔ የምናገረው ጠፋኝ። እሱ ግን ቀድሞ «አያ፣ ድንገት ቀለለኝ እኮ። ሌላ ሰው አብሮኝ የያዘው መሰለኝና ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ» አለኝ። ከኋላው ማንም አልነበረም።

ይህን ስናገር «አጋጣሚ ነው» ያሉኝ አሉ። እንጨት ሥራዬ ነው። ስንጨርስ ያቺን ጉቶ ቆርጬ አየኋት። ውፍረቷ የእጅ አንጓ ያህላል፤ ቀድሞ የገባው መጋዝ ከሥሯ በትንሹ በልቷታል። እንዲህ ያለች ጉቶ ያን የሚያህል ሸክም ከላይ ሲወርድባት ትሰበራለች። ብዙ አይቻለሁ። ይቺ አልተሰበረችም። መጋዙም ከእሷ በታች ደህና ሠራ፣ ከእሷም በላይ ደህና ሠራ፤ እሷ ጋ ብቻ እምቢ አለ። እኔ እዚያ ተበሳጭቼ ስነጫነጭ አምላክ የልጆቹን መትረፊያ እያስቀመጠ ነበር።

የጎንደር ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ገብቶ አብያተ ክርስቲያናትን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴ የተረፈው በንብ እንደሆነ አባቶቻችን ይተርካሉ። ንቡ ከግቢው ወጥቶ ጠላትን መለሰ። በንብ ያን ደብር ያስጠበቀ አምላክ በአንዲት ጉቶ ሁለት የድሃ ልጆች ቢያተርፍ እኔ አይደንቀኝም ማለቴ አይደለም፤ እጅግ ይደንቀኛል። ግን ማን እንዳደረገው አልጠራጠርም።

ያን ቀን እናትየዋ ቡና አፈሉልን፤ ዳቦ ቆረሱልን፤ መረቁን። ከቡናው በኋላ ያ ቅርንጫፍ እዚያው ተንጠልጥሎ መዋል ስለማይችል መውረድ ነበረበት። የደምቢያውን ልጅ ይቅርብህ አልኩት። «እኔው ላውርደው አያ» አለ። ገመዱን ግንዱ ላይ ሦስቴ ጠመጠመ። ከግንዱ ራቅ ብሎ ቆመ። ቀና ብሎ ጠበቀኝ። በእጄ ምልክት ሰጠሁት፤ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ፣ አንዲት ቆርቆሮ ሳይነካ መሬት አሳረፈው።

ሁነኛ ረዳት ስጠኝ ያልኩት ልመናዬም የተሰማው እንዲህ ነው። ያ ልጅ ዛሬም ከእኔ ጋር ነው። አዲስ ሰው ሲመጣ ጥምጥሙን የሚያሳየው እሱ ነው። መጀመሪያ የሚያደርገው የአዲሱን ልጅ እጅ ይዞ ገመዱ አንጓው ላይ አለመዞሩን ማየት ነው። የከተማው ልጅም ሌላ ሥራ ይዟል፤ ጥር 7 ከእኛ ጋር ሥላሴ ደጅ መጥቶ ሰግዷል።

መተማ የቀረው የድሮ ረዳቴ ሰሞኑን ስልክ ደውሎ ወባ ይዞት እንደነበርና አሁን እየተሻለው እንደሆነ ነግሮኛል። ይህን የምታነቡ ወንድሞችና እህቶች በጸሎታችሁ አስቡልኝ።