ሲዲው ውስጥ የሌለው ጌም

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ማምሻውን የጎረቤታችን ልጅ መጣ። የኳስ ጨዋታውን ሲዲ እንዳውሰው ነበር የመጣው፤ ሰጠሁት። ቀጥሎ አዲሱን ጠየቀኝ፣ እህቴ ከቨርጂኒያ የላከችልኝን። «እሱ እናንተ ቤት አይሠራም» አልኩት። አላመነኝም። የሰሰትኩበት መስሎት ዓይኑን ከእኔ አሽሽቶ ሄደ። እስካሁን ውስጤን ይቆረቁረኛል።

የነገርኩት ግን እውነቱን ነው። ያ ሲዲ ከመንገደኛ ሻንጣ ወጥቶ እጄ የገባ ዕለት ደስታዬ የበዓል ያህል ነበር። ማታ ፕሌይስቴሽን 4 ውስጥ ሳስገባው ግን ዋናው ጌም ሲዲው ላይ የለም። ሲዲው በር መክፈቻ ነው እንጂ ቤቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ከ80 ጊጋባይት በላይ በኢንተርኔት መውረድ ነበረበት። ጥቅል እየገዛሁ፣ መብራት ሲጠፋ እያቋረጥኩ አምስት ሌሊት ፈጀብኝ። ልጁ ቤት ደግሞ ዋይፋይ የለም። ባውሰው የማውሰው ባዶ መሶብ ነው።

ይህ የእኔ ብቻ ገጠመኝ ቢሆን ዝም እል ነበር። ኔንቲዶ ስዊች 2 የተባለው የጌም ማጫወቻ በግንቦት 2017 መጨረሻ ሲወጣ በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ብቻ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ሲወጣ ዋጋው 450 ዶላር ነበር፤ በኅዳር 2018 የባንክ ምንዛሪ ከ60 ሺህ ብር በላይ ማለት ነው። ዕቃው ያምራል። ስክሪኑ ወደ 7.9 ኢንች አድጓል፤ የጎን ጆይስቲኮቹ በማግኔት ጠቅ ብለው ይገጥማሉ። ነገር ግን በርካታ ጌሞቹ የሚሸጡት ቁልፍ ብቻ በያዘ ካርድ ነው። ካርዱን ትሰካለህ፣ ጌሙን ታወርዳለህ፣ በተጫወትክ ቁጥርም ካርዱ መሰካት አለበት። ካርዱን ለሌላ ሰው መስጠትና መሸጥ እንደሚቻል አውቃለሁ። ተቀባዩ ግን እንደ አዲስ ማውረድ አለበት፤ የእኛን ልጅ የሚያስቀረውም ይኸው ነው። ብዙ የሚይዝ ካርድ ውድ ነው የሚለው ምክንያት ሐሰት አይደለም። ቢሆንም ሳይበርፐንክ 2077ን የሚያህል ግዙፍ ጌም ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ ላይ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። የፈለገ አድርጎታል ማለት ነው።

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረ። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን 2፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር። የተሸነፈ ይነሣል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል። ባለቤቱ ሲዲዎቹን ከመሳቢያ እያወጣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ያስገባቸው ነበር። አብዛኞቹ የተቀዱ እንደነበሩ አሁን አውቃለሁ፤ ያንን አላወድስም። ግን መብራት እስካለ ድረስ ጌሙ ይሠራል፤ ማንም ሩቅ አገር ተቀምጦ አይዘጋውም። ፕሌይስቴሽን 2 ከ160 ሚሊዮን በላይ እንደተሸጠ ይነገራል። አንዱ ማሽን ስንት ልጅ አግዳሚ ወንበር ላይ አሰልፎ እንዳጫወተ ያ ቁጥር አይናገርም።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ዘ ክሩ የተባለው ጌም ጉዳይ ነው። ዩቢሶፍት የተባለው የጌም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው፣ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በመኪና የሚያስቋርጥ ጨዋታ ነው። ብቻህን ብትጫወት እንኳ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር መገናኘት ግዴታህ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ሲዘጋ ጌሙ ሞተ፤ መደርደሪያ ላይ ያለው ሲዲም አብሮት። ሰው በገንዘቡ የገዛውን! መጽሐፍ አሳታሚው ሲሰለቸው ከመደርደሪያዬ ላይ ገጾቹን አይገነጥልብኝም። በኋላ ኩባንያው ለተከታዩ ለዘ ክሩ 2 ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበትን መንገድ አበጅቶለታል። እሰየው ነው፤ ግን የማይቻል ነገር እንዳልነበረ የሚመሰክርበትም ራሱ ሥራው ነው።

ያንን መዘጋት አይቶ ዝም ያላለው አሜሪካዊው ሮስ ስኮት «ጌሞችን መግደል ይቁም» የሚል ዘመቻ አስነሣ። አውሮፓ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ተሰብስቦለታል። የሚጠይቀው ሰርቨር ለዘለዓለም ክፍት ይሁን ብሎ አይደለም። ስትዘጉ ገዢው በራሱ መጫወት እንዲችል አድርጋችሁ ዝጉ ነው የሚለው። ከዚህ ያነሰ ምን ይጠየቃል? በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ዲጂታል መደብሮች የሚሸጡት የመጠቀም ፈቃድ መሆኑን ለገዢው በግልጽ እንዲነግሩ ሕግ ያስገድዳል። መልካም ነው፤ ሆኖም ዕቃው የእኔ አለመሆኑን መንገር ዕቃውን የእኔ አያደርገውም።

ጂቲኤ 6 ስለተባለው ጌም መዘግየት ጓደኞቼ ሳምንቱን ሙሉ ሲበሳጩ ሰነበቱ። እኔ አልተበሳጨሁም። አምስተኛው ከወጣ 12 ዓመት አልፏል፤ ሠራተኞቹን እንቅልፍ ከመንሳት እስከ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2026 መጠበቅ ይሻላል። ሲወጣ ሲዲው ላይ ሙሉው ይኖር ይሆን? የእኔ ሐሳብ እሱ ላይ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ በ700 ዶላር ሲወጣ የሲዲ ማጫወቻ እንኳ አልነበረውም፤ ለብቻው ግዙ ተባለ።

ረቡዕ ዕለት ደግሞ ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ስቲም ማሽን የሚባል የጌም ማጫወቻ አስተዋወቀ። ሲያስተዋውቀው ዋጋውን አልተናገረም። እሱም ሲዲ የለውም፤ ያም ሆኖ ልቤን የሳበው ክፍት ኮምፒውተር መሆኑ ነው። ከሌላ መደብር የገዛኸውን ብትጭንበት አይከለክልህም። ጂኦጂ የሚባለው መደብር ለምሳሌ የጌሙን መጫኛ ፋይል ያስረክብሃል። በሃርድ ዲስክ ታስቀምጠዋለህ፣ ከዓመታት በኋላም ያለ ኢንተርኔት ትጭነዋለህ። ሲዲ ባይሆንም እጅህ ላይ ያለ ነገር ነው። ማውረድን በጅምላ የማልጠላውም ለዚህ ነው። ሆሎው ናይት ሲልክሶንግን የመሰለ፣ ከአውስትራሊያ አንድ ትንሽ ቡድን በ20 ዶላር ያቀረበውን ድንቅ ሥራ ያገኘሁት በማውረድ ነው፤ የአገር ውስጥ የባንክ ካርዴ ስለማይሠራ እህቴ ከፍላልኝ።

አሁን ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኗል። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጁን ቤቴ እጠራዋለሁ። ሲዲውን ከነሳጥኑ እሰጠዋለሁ፤ ራሱ ያስገባዋል፣ ከጎኔ ተቀምጦም ይጫወተዋል። ሁለተኛውን ጆይስቲክ ቻርጅ ላይ አድርጌዋለሁ።